ማኅደሩ ሳይገለጥ የሚያልቅ ምልመላ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ቀጣሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ድረስ ሄደው ተመራቂዎችን መመልመላቸው፣ በየመሥሪያ ቤቱ የሚያውቀው ሰው ለሌለው ወጣት በር የሚከፍት በመሆኑ ከልብ የምደግፈው አሠራር ነው። ይሁን እንጂ በሰው ሀብት ሥራ ላይ ሳለሁ በመመልመያው ጠረጴዛ ተቀምጬ እንደታዘብኩት፣ ቀጣሪው ከተመራቂው ሳይሆን ከተመራቂው ውጤት ጋር ብቻ ተገናኝቶ የሚመለስበት ጊዜ ይበዛል።

አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ሥራዋን በማኅደር ይዛ፣ ረጅም ሰልፍ ጠብቃ ፊቴ ቀረበች። እኔ ግን ሲቪዋ ላይ አማካይ ውጤቷን አየሁ፤ አስቀድመን ከወሰንነው ነጥብ ጥቂት ዝቅ ስላለ ወረቀቷን ካልተመረጡት ክምር ላይ አኖርኩት። ማኅደሩ ሳይገለጥ አብሯት ተመለሰ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳስረዳው፣ ቀጣሪ የአመልካቹን ችሎታ ከመቅጠሩ በፊት በቀጥታ ማየት ስለማይችል ትምህርቱን እንደ ምልክት ይወስዳል። ግቢ ድረስ የመሄድ ፋይዳው ደግሞ ከምልክቱ አልፎ ሰውየውን ለማየት ዕድል መስጠቱ ነው፤ ውጤት ለማየትማ ከቢሮ መውጣት አያስፈልግም። ሽሚትና ሃንተር የተባሉ ተመራማሪዎች የብዙ አሥርት ዓመታት ጥናቶችን አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጽሑፍ፣ አመልካቹን ከሚቀጠርበት ሥራ ጥቂቱን ማሠራትና ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ማቅረብ፣ እንደመጣ ከሚጠየቅ ቃለ መጠይቅ በተሻለ የወደፊት ብቃትን እንደሚያመለክቱ አሳይተዋል።

ምልመላው የሚካሄድበት ጊዜም ሊታሰብበት ይገባል። የአሜሪካ ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ለመቀዳደም ሲሽቀዳደሙ፣ የሕክምና ተማሪዎችን ከመመረቃቸው ሁለት ዓመት ያህል ቀድመው እስከ መያዝ ደርሰው ነበር፤ የምልመላው ግርግር የረገበው የሁለቱንም ወገን ምርጫ በማዕከል የሚያዛምድ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1952 ከተጀመረ በኋላ ነው።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢያቸውን ለቀጣሪ ሲከፍቱ ሁለት ነገር እንዲጠይቁ አሳስባለሁ፦ ለእያንዳንዱ አመልካች ከሥራው ጋር የተያያዘ አጭር ተግባር እንዲሰጥና ላልተመረጡትም በተወሰነ ቀን ምክንያቱ እንዲነገራቸው። ያቺ ተማሪ ከእኛ ዘንድ የአንድ መስመር መልስ እንኳ አልደረሳትም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ