የምስጋና መልእክት፦ ለአያታችን ለቅሶ ለደረሳችሁልን ሁሉ

አያታችን ባለፈው ወር ከዚህ ዓለም በሞት በተለዩን ጊዜ እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ ድረስ መጥታችሁ ላጽናናችሁን፣ ከሩቅ ለደወላችሁ፣ አብራችሁን ላለቀሳችሁ ሁሉ የእስራኤል አምላክ ብድራችሁን ይክፈልልን። አያታችን ሰውን በደፈናው አያመሰግኑም ነበር። ማን፣ የት፣ ምን እንዳደረገላቸው እየጠሩ ነበር የሚመርቁት። እኛም በሳቸው ወግ እናመስግን።

ቀብሩ በዚያው ዕለት ስለነበር መርዶው የደረሳችሁ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ነው። ሥራችሁን ትታችሁ ከረሆቦት፣ ከቂርያት ማላኪ፣ ከሐዴራና ከአፉላ ደረሳችሁልን። ከሁሉ በፊት የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ቄሶቻችንን እናመሰግናለን። አያታችን ሞትን አይፈሩም ነበር፤ የሚፈሩት ያለ ቄስ መቀበርን ነበር። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ1984 ከጎንደር አካባቢዋ መንደር ከአምቦበር ተነሥተው፣ ቀን እየተደበቁ ሌሊት እየተጓዙ ሱዳን ሲገቡ የራሳቸውን ልጆችና የሟች እህታቸውን ልጅ ይዘው ነበር። ኡም ራኩባ መጠለያ ሲደርሱ በሽታው ጠበቃቸው። ትንሿ ልጃቸው ሞተች። ሳምንታት ሳይቆይ አያታችን ባላቸውን አጡ። አይሁድ መሆናችን እንዳይታወቅ ጮኾ ማልቀስም፣ እንደ ወጉ መጸለይም አልተቻለም። በዚያ ጉዞ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን እንደቀሩ ይነገራል፤ ለአያታችን ግን ሁለቱ ብቻ ይበቁ ነበር። ስለዚህ ቄሶቻችን በግዕዝ ጸሎት ሲያደርሱላቸው በሰማን ጊዜ፣ ለሳቸው ብቻ ሳይሆን እዚያ በጥድፊያ ለተቀበሩትም የደረሰ መሰለን። እግዚአብሔር ዕድሜያችሁን ያርዝምልን።

ከሱዳኗ ከተማ ከገዳሪፍ በሌሊት አውቶቡስ ወደ ካርቱም፣ ከዚያ በብራስልስ በኩል ወደ እስራኤል የመጡት፣ እስራኤል ወገኖቻችንን ከሱዳን በድብቅ በአውሮፕላን ባወጣችበት በሙሴ ዘመቻ ነው። እዚህ ከመጡ በኋላ የሠሩት የጽዳት ሥራ ነው፤ ዓመታቱን ሁሉ በአንድ ትምህርት ቤት። ከዚያ ትምህርት ቤት ጡረታ የወጡ መምህራን ለቅሶ ሲደርሱ፣ «ኮሪደሩን ጨርሳ ሕፃናቱ ኮት መልበሳቸውን ታይ ነበር» ብለው ነገሩን። ይህን እሳቸው ነግረውን አያውቁም። መምህራኑን ከልብ እናመሰግናለን።

እናቶቻችን ፋብሪካ ሲያድሩ እኛን ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። ዕብራይስጡ እምቢ ቢላቸውም ከወላጆች ስብሰባ ቀርተው አያውቁም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ፊት ወንበር ላይ ይቀመጡና መምህሯን ዓይን ዓይኗን ያዩ ነበር። ዓርብ ከሰዓት የሰንበት ዳቦ ሳይደርስ ማንም ከቤት አይወጣም። ለስግድ፣ ለጾምና ለጸሎት በዓላችን፣ ደግሞ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ ጾመው፣ ነጭ ቀሚስ ለብሰው ኢየሩሳሌም ይወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ስግድ በሕግ የአገር በዓል ሆነ ስንላቸው፣ «እሰይ! እንግዲያው ልጆቼ ሥራ ሳያስፈቅዱ ሊጾሙ ነው» አሉ።

ከደረጃው ማዶ ያሉት ሞሮኳዊት ጎረቤታችን፣ እርስዎን ምን ብለን እናመስግን? በአንድ ቋንቋ ሳትነጋገሩ ይህን ያህል ዓመት ቡናና ሻይ ተለዋውጣችኋል፤ የሰባቱን የለቅሶ ቀን ኩስኩስ ያቀረቡልንም እርስዎ ነዎት። ቤት እየመጣሽ ቁስላቸውን ያጠብሽ ነርስ፣ እሳቸው «ልጄ» ይሉሽ እንደነበር አትርሺ። ዳቦ የጋገራችሁ፣ ንፍሮ የቀቀላችሁ፣ እኛን ወደ ማድቤት ያላስጠጋችሁን እናቶች፣ ክፉ አይንካችሁ። ከነዩኒፎርማችሁ መጥታችሁ ወንበር የተሸከማችሁ ወታደር ልጆቻችንም ተባረኩ።

አያታችን ሁልጊዜ የሚያነሷቸውን ሁለት ሰዎችም እናንሣ። አንዱ «ዛሬ ማታ ጥበቃ አለና አትውጡ» ብሎ ያስጠነቀቃቸው የአምቦበር ክርስቲያን ጎረቤታቸው ነው። ሌላዋ ገዳሪፍ አጠገብ ለታመመችው ልጅ ወተት የሰጠች ሱዳናዊት ናት። ስማቸውን አናውቅም። ዘራቸው ይባረክ።

በመጨረሻም አንድ ልመና አለን። እ.ኤ.አ. በ1984 ክረምት ኡም ራኩባ የነበራችሁ፣ ከአምቦበር የመጣ ባለእጅ፣ ብረት ቀጥቃጭ አባወራ (የአያታችን ባል) የት በኩል እንደተቀበረ የምታውቁ፣ ወይም ከዚያ ወገን ቀብር ያየ ሰው የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩን። የሙት ዓመታቸውን ጸሎት የሁለቱንም፣ የሳቸውንና የባላቸውን፣ ስም አንሥተን ለማድረስ አስበናል።

ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና መላው ቤተሰብ
ናታንያ