አውራ ጣቴን ለመለሳችሁልኝ ሁሉ

ከሁሉ በፊት እግዚአብሔር ይመስገን። ትናንት የሽመና መወርወሪያ ያዝኩ። በቀኝ እጄ። ከ9 ወር በኋላ!

የደረሰብኝን አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁ አልደግመውም። ወለምታ ነው ብዬ ለወራት ሳሳሸው መክረሜን ግን ሳልናገር አላልፍም፤ ዛሬም እንደኔ የሚያደርግ አይጠፋም። በአውራ ጣቴ ሥር አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው ጅማት ተበጥሶ ነበር። ቶሎ ብሄድ ኖሮ መስፋት ይበቃ ነበር። ስዘገይ የማይሰፋ ሆነ። ክር እንኳ መቆንጠጥ አቃተኝ።

አለርት ሆስፒታል ያላችሁ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች፣ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ዶክተሬ አውራ ጣቴን ከትንሿ ጣቴ ጋር አገናኝቼ አንጓዬን እንዳጥፍ አዘዘኝ። ከቆዳዬ ሥር አንዲት ቀጭን ጅማት ብቅ አለች። «ይቺ አንዳንድ ሰው ላይ ጭራሽ የለችም። አንተ አለህ። ብወስዳት እጅህ አይጎዳም» አለኝ። አጥንቱን በስቶ፣ እሷን በቀዳዳው አሳልፎ አዲስ ማሰሪያ ሠራልኝ። ክር በቀዳዳ ሲያልፍ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ሲያስረዳኝ ወዲያው ገባኝ። ፍርሃቴም ለቀቀኝ።

ጋሼን ግን በምን ቃል ላመስግን? ስማቸውን እንዳልጽፍ አስምለውኛል። የሽሮ ሜዳ ሰው ያውቃቸዋል። እጄ 6 ሳምንት ጄሶ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ያልጨረስኩት የጥር ሰርግ ቀሚስ ነበረብኝ። ቀብዱን በልቼዋለሁ። ጋሼ የራሳቸውን ሥራ ጨርሰው ማታ ማታ የእኔ መሸመኛ ላይ ይቀመጡ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል። ጥለቱን አምፖሉ ሥር አስጠግተው ክር በክር ይቆጥራሉ። ሲሳሳቱ ዝም ብለው ይፈቱታል። ሙሽራዋ በቀኗ ለበሰች። አንድ ብር አልነኩም።

ደግሞ ጠዋት መጥተው የሸሚዜን ቁልፍ ይቆልፉልኛል። ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ስደርስ እንባዬ ይመጣል።

ለፊዚዮቴራፒ ከሽሮ ሜዳ ዘነበወርቅ፣ አለርት ድረስ አብረውኝ ተመላልሰዋል። ታክሲ ውስጥ ሰው እንዳይገፋኝ በቀኜ በኩል ይቀመጣሉ። ፊዚዮቴራፒስቷ እህቴ፣ አንቺንም አልረሳሁም። ጣቴ አልታጠፍ ብሎ ተስፋ ስቆርጥ «የዛሬው ይበቃል፣ ነገ ና» ያልሽኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ዕጣውን የለቀቃችሁልኝ እቁብተኞች፣ የእድራችን አባላት፣ ጨንጫ ሆናችሁ ስትጸልዩ የከረማችሁ ዘመዶቼ፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ባለቤቴ፣ ላንቺ እቤት እነግርሻለሁ። ስማችሁን ያልጠራሁ ይቅር በሉኝ፤ ይህን የምጽፈው በዚያው ጣት ነው፣ ቶሎ ይደክመኛል።

ጋሼ፣ ትናንት ድሩን ዘርግተው ጠበቁኝ። መወርወሪያውን መዳፌ ላይ አስቀምጠው «ቀስ በል» አሉኝ። አንድ ስንዝር ስሠራ ዶክተሩ ያለው ይሄው ነው ብለው አስቆሙኝ። ዛሬም እየጠበቁኝ ነው። ሁለተኛውን ስንዝር ልሠራ መሄዴ ነው።