ከፕሬዚዳንትነቱ በፊትም በኋላም ያለው የሙያ ሥራ ይጻፍልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአራት ኪሎ አካባቢ የምኖር፣ በአምስት ኪሎው የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ሲቪል ምህንድስና የተማርኩ የግንባታ ባለሙያ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ፕሮፌሰር ዓለማየሁ ተፈራ ነው። እንደማስተውለው፣ ስማቸው በአደባባይ የሚነሣው ከ1983 እስከ 1985 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ከነበሩበት ጊዜ ጋር ብቻ ተያይዞ ነው። ዘመኑ መንግሥት የተለወጠበት፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. ሰልፍ በወጡ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ላይ ጥይት የተተኮሰበት፣ በዚያው ዓመትም ከ40 የሚበልጡ መምህራን ከሥራቸው የተሰናበቱበት ስለሆነ መወሳቱ ተገቢ ነው፤ ሊረሳም አይገባም። ሆኖም የአንድ መምህር የሙያ ዕድሜ በነዚያ ሁለት ዓመታት ብቻ ሲለካ ትልቁ ሥራው ተሸፍኖ ይቀራል።

ፕሮፌሰሩ የአፈርና የመሠረት ምህንድስና ሊቅ ናቸው። ከባልደረባቸው ጋር ያዘጋጁት የአፈር ሜካኒክስ፣ ማለትም አፈር ጭነት ሲያርፍበት የሚያሳየውን ጠባይ የሚያጠናው ትምህርት፣ መማሪያ መጽሐፍ በእኔ ትውልድ ተማሪዎች እጅ ሽፋኑ እስኪገነጠል ተገልብጧል፤ በፎቶ ኮፒ ሲባዛ የኖረውማ ስንት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። በአዲስ አበባ ጥቁር አፈር ላይ ያካሄዱትን ምርምር ደግሞ ዋጋውን የተረዳሁት ዘግይቼ፣ በራሴ ጥፋት ነው። ከተማችን ከፒያሳ ወደ ስድስት ኪሎና እንጦጦ ሲወጡ ቀይ አፈር ይበዛባታል፤ ወደ ቦሌና መካኒሳ ሲወርዱ ግን መረሬው፣ ማለትም ጥቁሩ አፈር፣ ይገጥማል። ይህ አፈር ውስጡ ባለው ሞንትሞሪሎናይት በተባለ የሸክላ ማዕድን ምክንያት ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ፎቁ ከባድ የሆነ ሕንፃ በክብደቱ ይጫነዋል፤ ቀላል ቤትና አጥር ግን ከነመሠረቱ ይነሣል፣ ይወርዳል። እኔም በጀማሪነቴ የተቆጣጠርኩት አንድ መኖሪያ ቤት ነበር። ባለቤቱ ጥቁሩን አፈር አውጥቶ በገረጋንቲ፣ ማለትም በማያብጥ ጠጠራማ አፈር፣ ለመሙላት ወጪው በዛብኝ ሲሉ፣ የተማርኩትን እያወቅሁ እሺ አልኩ። ሁለት ክረምት ሳይሞላ ግድግዳው ከመስኮቱ ማዕዘን ጀምሮ በሰያፍ ተተረተረ። የቤቱ እናት ስንጥቁን በእጃቸው እየዳሰሱ ያዩኝ አስተያየት ዛሬም ያመኛል።

እንግዲህ የዚህን ከተማ አፈር ጠባይ በላቦራቶሪ መርምሮ ለተማሪ ያስተማረ ሰው የሠራውን ሥራ፣ ዛሬ መሀል ከተማው በየአቅጣጫው በሚቆፈርበት ሰዓት ካልጻፍነው መቼ እንጽፈዋለን?

ስለዚህ ጋዜጣችሁ በአምስት ኪሎ ያስተማሯቸውን መሐንዲሶች፣ በአፈር ላቦራቶሪው አብረዋቸው የሠሩትን ቴክኒሻኖች ጭምር አነጋግሮ ሙሉ የሙያ ታሪካቸውን እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቴክኒሻኖቹን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም፤ ናሙናው ከየትኛው ሠፈር፣ ከስንት ሜትር ጥልቀት እንደወጣ የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው፣ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው። በእኔ በኩል ከተማሪነቴ ጀምሮ ያቆየኋቸው የክፍል ማስታወሻዎች አሉ፤ ለሚያጠናቅር ጋዜጠኛ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአራት ኪሎ ነዋሪ
አዲስ አበባ