ከ70 ፊደል ያለፈ ደብዳቤ

የካ አባዶ፣ ቅዳሜ ማታ

እህትዓለም፣ እንደምን ከረምሽ?

ስንት ጊዜ ቴክስት ልልክልሽ ጀምሬ እንደተውኩት አትጠይቂኝ። እጽፋለሁ፣ አጠፋዋለሁ። አራት ዓመት እንዲሁ ሄደ። የአባትሽን ለቅሶ አልደረስኩም። ስሰማ ሠልስቱ አልፎ ነበር። "አሁን በምን ፊቴ እሄዳለሁ?" አልኩ። አርባው መጣ፣ ሙት ዓመቱም መጣ። በዘገየሁ ቁጥር እየከበደኝ ሄደ። ነፍሳቸውን ይማር። ቤታችሁ ስመጣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ "ይቺ ልጅ በልታለች?" የሚሉት ነገር ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ደግሞ የምለምንሽ ነገር አለኝ። "ጠፍታ ጠፍታ ስትቸገር መጣች" ብትዪ አልፈርድብሽም።

አሁን የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ከመገናኛ በታክሲ፤ የማታውን ሰልፍ ታውቂዋለሽ። አየሩ ጥሩ ነው። ሌሊት ጅብ ይጮሃል። ኔትወርክ ግን ቤት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። የሚይዘው በረንዳ ላይ ነው፤ እሱም ከልብስ ማስጫው ገመድ በስተግራ። ምድር ቤት ያሉት እማማ ውጭ አገር ካለች ልጃቸው ጋር ለማውራት ሁለት ፎቅ ይወጣሉ። እዚያው ደረጃው ላይ ትንሽ ዱካ አስቀምጠዋል። እኛም ስናልፍ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን።

እዚህ ሰፈር በኔትወርክ የማያማርር የለም። እንዴት እንደሚሠራ ግን ማን ያውቃል? እኔም ተምሬው አላውቀውም ነበር። አምስት ኪሎ ያጠናነው ቀመር ለፈተና ነበር፤ ከፈተናው ማግስት ረሳሁት።

ከመስከረም ወዲህ ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ አምስት የሰፈር ልጆች ቤቴ ይሰበሰባሉ። አንዱ ሞባይል ጠጋኝ ነው። አንዷ ባንክ ትሠራለች። ሦስቱ ተማሪዎች ናቸው። ሳሎኔ ውስጥ የሞባይል ኔትወርክ እንሠራለን። አትሳቂ።

አንቴና የለንም። በአየር ላይ ማሰራጨት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፍሪኩዌንሲ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ እኛ ደግሞ ጣጣ አንፈልግም። ሁሉም ነገር ያለው ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ኦፕን ፋይቭ ጂ ኤስ የሚባል ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር አለ። የኔትወርኩ ኮር ነው። ሲምሽን የሚያውቀው፣ አይፒ አድራሻ የሚሰጥሽ፣ ኢንተርኔት ላይ የሚያወጣሽ እሱ ነው። (ኮርን በአማርኛ ምን እንበለው ብለን አንድ ቅዳሜ ሙሉ ተከራክረናል። "እምብርት" ያለም ነበር። ኮር ብለን ተውነው።) ዩኢራንሲም የሚባለው ሌላው ሶፍትዌር ደግሞ ስልኩንና ቤዝ ስቴሽኑን (ከስልክ ጋር በሬዲዮ የሚነጋገረውን ጣቢያ) ያስመስላል። በሬዲዮ ፋንታ ተራ የኔትወርክ ፓኬት ይመላለሳል። ሁለቱም በነፃ ነው የሚወርዱት።

መጀመሪያ ምንም አልሠራልንም። የጠጋኙ ልጅ ላፕቶፕ አሮጌ ነው፤ ክዳኑ በፕላስተር ነው የተያዘው። ሶፍትዌሩ የደንበኞቹን መረጃ የሚያስቀምጠው ሞንጎዲቢ የሚባል ዳታቤዝ ላይ ነው። ሞንጎዲቢን ስናስነሳው ወዲያው ይሞታል። እንደገና እናስነሳዋለን፣ ይሞታል። ሁለት ቅዳሜ በላብን። ለካ ከስሪት 5.0 ወዲህ ኤቪኤክስ የሚባል የፕሮሰሰር ትዕዛዝ ይፈልጋል። በፈረንጅ ከ2011 በፊት የወጡ ፕሮሰሰሮች ደግሞ የላቸውም። ወደ 4.4 ወረድን፣ ተነሳ።

ቀጥሎ ሲሙ እምቢ አለ። እያንዳንዱ ሲም ኬ የሚባል ሚስጥራዊ ቁልፍ አለው። ከሱ ሌላ ኦፒ ወይም ኦፒሲ የሚባል ቁጥር ይሞላል። ኦፒሲ ከኦፒና ከኬ ተሰልቶ የሚወጣ ነው። ሲጻፉ ሁለቱም 32 ምልክት ናቸው፤ በዓይን አይለዩም። የባንኳ ልጅ ኦፒውን በኦፒሲው ቦታ ሞልታው ኖሯል። ስልኩ ኔትወርኩን "አላውቅህም" እያለ መለሰው። አዎ፣ ስልኩ ነው ኔትወርኩን የመለሰው! ድሮ በሁለተኛው ትውልድ፣ በቱጂ ጊዜ የሚፈትነው ኔትወርኩ ብቻ ነበር፤ ከሦስተኛው ትውልድ ወዲህ ግን ስልኩም ይፈትናል። ይሄን መጽሐፍ ላይ አንብቤው ይሆናል። የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

መብራት ጠፍቶ ነበር። የላፕቶፑ ባትሪ 11 ፐርሰንት ላይ ደርሷል። ልጅቷ አንዷን መስመር ቀይራ አስገባችው። ስክሪኑ ላይ 10.45.0.2 የሚል አድራሻ ወጣ፤ ለሌለው ስልካችን የተሰጠ እውነተኛ አይፒ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ። እማማ ከታች "መብራት መጣ እንዴ?" አሉ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ያን ሁሉ ተቸግረን ከፈታነው በኋላ ምን ያደረግን ይመስልሻል? ዝም አልን። ለሶፍትዌሩ ሠሪዎች እንጻፍላቸው ብል "ይሄን እንኳ አታውቁም ይሉናል" አሉ ልጆቹ። እኔም ውስጥ ውስጡን እንደነሱ ነበርኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልን የምንተርት ሰዎች፣ የራሳችን ሲሆን እንደብቃለን። ይሉኝታ! ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ያው በሽታ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጻፍን። ምን ለማድረግ እንደሞከርን፣ የትኛው ስሪት እንደሆነ፣ የፕሮሰሰሩ ዓይነት፣ ስክሪኑ ላይ የወጣው መልእክት እንዳለ ተገልብጦ። "አይሠራም" ብሎ መጻፍ ማንንም አይረዳም፤ ሐኪም ቤት ሄዶ "አሞኛል" ብቻ ብሎ እንደመውጣት ነው። ስለ ኦፒና ኦፒሲውም ጻፍን። የሶፍትዌሩ ስህተት አይደለም፣ የእኛ ነው። ግን ሌሎቹን ልጆች አንድ በአንድ እንዲሞሉት ባደርግ ሦስቱ እዚያው ቦታ ተሳሳቱ። ይሄን ያህል ሰው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ጥፋቱ የእግረኛው ብቻ አይመስለኝም፤ መመሪያው ላይ አንዲት መስመር ይጨመር ነው ያልነው።

መልስ መጣ። "ሙሉውን ሎግ ላኩ" ይላል፣ በቃ። (ሎግ ሶፍትዌሩ ሲሠራ የሚመዘግበው ነው።) እንደምን ዋላችሁ የለ፣ እግዜር ይስጥልኝ የለ። ልጆቹ "ተቆጡን እንዴ?" አሉ። አልተቆጡም፤ አጻጻፋቸው እንዲያ ነው። ላክን። የባንኳ ልጅ መልሱን ስክሪንሾት አድርጋ ለእናቷ አሳየች።

እንዲህ ያለውን ሶፍትዌር የሚያንቀሳቅሱት ጥቂት ሰዎች ናቸው። የሚጠቀምበት ብዙ ነው፣ ዝም ብሎ። ደቦ ነው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን ደቦ ላይ ጠላ አለ፣ ዘፈን አለ፣ የማን በሬ እንደሰነፈም ይታያል። እዚህ ማንም አያይሽም። ለዚያ ነው ሰው መጥራት ያለብን።

ሲጀመርም በጥቂት ሰው ነበር። በ2008፣ በፈረንጅ ነው የምልሽ፣ ጀርመን ውስጥ ጥቂት ሰዎች ያገለገለ የሲመንስ ቤዝ ስቴሽን ገዝተው እሱን የሚመራ ሶፍትዌር መጻፍ ጀመሩ። ዛሬ ኦስሞኮም የሚባለው የኦፕን ሶርስ የሞባይል ኔትወርክ ፕሮጀክት ከዚያ ነው የመጣው። በ2013 ደግሞ ሜክሲኮ ውስጥ፣ ኦዋሃካ በሚባለው ክፍለ ሀገር ተራራ ላይ ያለች ታሌያ ዴ ካስትሮ የምትባል ትንሽ ከተማ በኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር የራሷን የሞባይል ኔትወርክ ተከለች። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሕዝቧ ትንሽ ነው ብለው አልመጡላትም ነበር። የእኛ አገር ሕግ ሌላ ነው፣ ነገ የካ አባዶ ላይ እንትከል እያልኩሽ አይደለም። ግን እንዲያ ያሉ ሰዎች የገጠማቸውን ችግር ባይጽፉ ኖሮ እኔ ዛሬ ሳሎኔ ውስጥ የምነካካው ነገር አይኖርም ነበር።

አንቺን የምፈልግሽ ለዚህ ነው። ባሕር ዳር ሳለሽ ለገበሬዎች የእህል ዋጋ በቴክስት ስትልኩ የነበረውን አልረሳሁትም። "የጤፍ ዋጋ በኩንታል" ይልና እዚያው ያበቃል። ዋጋው የለም! ሰዎቹ እየደወሉ ይሳደቡ ነበር። "በላቲን ፊደል እንጻፈውና ይለቀን" ያለም ነበር። አንቺ እምቢ ብለሽ እስክሪብቶ ይዘሽ ፊደል መቁጠር ጀመርሽ።

አንድ ቴክስት የሚይዘው 140 ባይት ነው። በላቲን አንዱ ሆሄ 7 ቢት ስለሚበቃው 160 ይገባል። ግዕዝ ግን ለእያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ይፈልጋል፣ ስለዚህ 70። ከዚያ ካለፈ ይከፈልና፣ መገጣጠሚያው መረጃ ቦታ ስለሚወስድ፣ በየቁራጩ 67 ይሆናል። ይሄን መጀመሪያ የሰማሁት ካንቺ ነው። በቅርቡ ደግሞ ሳነብ፣ ቱርክኛ፣ ሂንዲ፣ ታሚልኛ፣ ኡርዱ በቴክስት መስፈርቱ ውስጥ የራሳቸው አጭር የፊደል ሰንጠረዥ እንዳላቸው አየሁ። ለምን የእኛ የለም ብዬ ልናደድ ስል ሰንጠረዡ 128 ቦታ ብቻ እንዳለው ገባኝ። የእኛ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። አይገባም። ንዴቴ ባዶ ሆነብኝ።

እንግዲህ ሰንጠረዥ ከሌለን ቢያንስ የተከፈለው መልእክት ሳይዛባ መድረስ አለበት። ላኪው ይከፍለዋል፣ ኔትወርኩ ቁራጮቹን ያደርሳል፣ ተቀባዩ ስልክ ይገጥመዋል። ኦስሞኮም የራሱ የፈተና ስብስብ አለው። እዚያ ውስጥ የሚገባ፣ 71 ፊደል ያለው አማርኛ መልእክት ያለበት ፈተና ጽፈን ብንልክስ? ለሁለት እንዲከፈል የምታደርገው ያቺ አንዷ ትርፍ ፊደል ናት። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ሞክሬ ነበር፤ ያንቺን ስም ሦስት ጊዜ ደግሜ ነው የሞላልኝ። ካንቺ በላይ የተቆረጠ ቴክስት ያየ ሰው አላውቅም። የሆነውን እንኳ እንደሆነው ብትጽፊው አንድ ነገር ነው፤ ኮድ አልጽፍም ብትዪ ልጆቹ አሉ።

አላስውብልሽ። ገንዘብ የለውም። ከተማሪዎቹ አንዱ ገና በሩ ላይ "ሰርተፍኬት አለው?" ነው ያለኝ። የለውም ስለው ሁለት ቅዳሜ ቀረ፤ ከዚያ በራሱ ጊዜ ተመለሰ። አንድ ስድስተኛ ልጅም ነበር፤ የቤት ኪራይ አለበት፣ የሚከፈል ሥራ ሲያገኝ ሄደ። ልክ ነው። በነፃ መሥራት አቅም ይጠይቃል፣ ይሄን የማይነግሩሽ ሰዎች አይመቹኝም። እኔም የምችለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላን ብቻ ነው።

ጀሞ መግባትሽን ከሰው ሰማሁ። ከጀሞ የካ አባዶ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው፣ አውቃለሁ። እንዲያውም መጀመሪያ እኔ ነኝ የምመጣው። እሁድ እናትሽን ልጠይቅ እመጣለሁ። ለቅሶው የዘገየ ቢሆንም ይቀበሉኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ቅር ካላቸው አስቀድመሽ ንገሪኝ። ስለ ኔትወርክ በዚያን ቀን አንድ ቃል አልተነፍስም።

ከዚያ ደስ ካለሽ በሚቀጥለው ቅዳሜ ነይ። ስምንት ሰዓት ላይ ነው የምንጀምረው። ቡና አለ። የላፕቶፕሽን ቻርጀር አትርሺ፣ ያን ፊደል የቆጠርሽበትን ደብተር ካልጣልሽው እሱንም ያዢ። ሊፍት የለንም። ሕንፃው ሥር ስትደርሺ ግን አትደውዪ፣ ቤት ውስጥ አይገባልኝም። ከታች ሆነሽ ስሜን ጥሪ፤ ከልብስ ማስጫው አጠገብ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

ያንቺው
የአምስት ኪሎዋ ጓደኛሽ