ውሃው ወጣ፣ ሙሴ ግን ቀረ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ አመራር በየጊዜው የምታወጡትን አነባለሁ፣ ዛሬ እኔም የምለው አለኝ። እኛ የግንባታ ሳይት ላይ "ካልጮህክ ሥራ አይሠራም" ይባላል፣ እኔም ፎርማን ሆኜ ለዓመታት ያመንኩበት ነገር ነው፣ እና እውነቱን ለመናገር ጩኸት ይሠራል። ችግሩም እሱ ነው።

ዘኍልቍ ምዕራፍ 20ን እዩት። ሁላችንም የምናውቀው ሙሴ ድንጋዩን ሁለቴ መታ፣ ከዛ ከነዓን አትገባም ተባለ የሚለውን ነው። ምዕራፉ የሚጀምረው ግን በሞት ነው፣ እህቱ ማርያም ቃዴስ ላይ ሞታ ተቀበረች ይልና ወዲያው ሕዝቡ ውሃ የለም ብሎ ይሰበሰብበታል፣ ለምን ከግብፅ አወጣኸን ይሉታል። ሰውዬው ሐዘን ላይ ነው እኮ! እግዚአብሔር በትሩን ይዘህ ድንጋዩን ተናገረው ሲለው እሱ ዞሮ ሕዝቡን ተናገረ፣ "እናንተ ዓመፀኞች" ብሎ። ይሄ እንግዲህ ምዕራፍ 12 ላይ በምድር ካለ ሰው ሁሉ ትሑት ነው የተባለለት ሙሴ ነው። ስብከት ላይ ሁሌ የምሰማው ስለ በትሩ ነው፣ መዝሙር 105 (አንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ 106 ነው) ግን ጥፋቱን ከንፈሩ ላይ ነው የሚያደርገው፣ ሳያስተውል ተናገረ ነው የሚለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው።

ውሃውስ? ወጣ! ያውም በብዙ፣ ሰውም ከብትም ጠጣ። በዛች ሰዓት እዛ ቆሞ ላየ ሰው ቁጣው ሠርቷል፣ ኦፊሻል ሪፖርት ቢጻፍ "የውሃ ችግሩ ተፈቷል" ነው የሚለው። ሂሳቡ የመጣው ኋላ ነው፣ በ120 ዓመቱ ናባው ተራራ ላይ ወጥቶ አገሪቱን በዓይኑ አይቶ እዛው ሞተ።

ታዲያ አለቃ አይናደድ ወይ? እንዴ፣ ይናደድ እንጂ። ነህምያ 4 እና 5 ላይ ሰውዬው የኢየሩሳሌምን ቅጥር እያሠራ ነው፣ ጠላት ከቦት ግማሹ ሰው ይሠራል ግማሹ ጦር ይዞ ይቆማል፣ እዚህ መሃል ድሆቹ መጡና በረሃብ ምክንያት እርሻችንን ቤታችንን አስያዝን ልጆቻችን ባሪያ ሆኑ ብለው ጮሁ። ነህምያ "እጅግ ተቈጣሁ" ይላል፣ ቀጥሎ ግን "በልቤም አሰብሁ" ይላል። ሁለት ቃል ናት በቃ፣ እኔ እስከዛሬ ዝም ብዬ አልፌያት ነበር። የተቆጣው ደግሞ በሚጮሁት ላይ አይደለም፣ ወለድ በሚበሉት ሹማምንት ላይ ነው፣ ጉባኤ ጠርቶ ፊት ለፊት ነገራቸው፣ እኔና ወንድሞቼም አበድረናል ብሎ ራሱንም ጨመረ፣ እነሱም መልስ አጡ፣ እንመልሳለን አሉ። ቅጥሩ በ52 ቀን አለቀ። (ነህምያም ቢሆን ፍፁም አይደለም፣ ምዕራፍ 13 ላይ ሰው መትቶ ፀጉር ነጭቷል፣ እሱን ክፍል ግን ለአለቃዬ አላሳየውም።)

ይሄን ሁሉ የምጽፈው ለምን መሰላችሁ፣ የሶሌታ (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) ሙሌት ቀን ነበር፣ ሚክሰሩ ተነስቷል፣ የቀን ሠራተኛው ተሰልፏል፣ የውሃ ቦቴው ግን የለም። ከ1 ሰዓት ጀምሮ ስልክ ስደውል ሾፌሩ አያነሳም፣ ኢንጂነሩ እኔ ላይ ይጮሃል፣ ያን ሰሞን ቤቴም ሰላም አልነበረም። አንድ ከገጠር የመጣ ልጅ "ጋሼ፣ ያለ ውሃ በምን እናቡካው?" አለኝ። ልክ ነው እኮ ያለው! እኔ ግን ያን ሁሉ ሰው ፊት ደነዝ ብዬ፣ ከዛም የባሰ የማይጻፍ ነገር ተናገርኩት። ልጁ ምንም አልመለሰም፣ አካፋውን አስቀመጠ፣ ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። የሰባት ቀን ሂሳብ ነበረው።

ቦቴው 5 ሰዓት ላይ መጣ፣ ሶሌታውም ማታ ላይ አለቀ፣ ኢንጂነሩም ጎበዝ አለኝ። የልጁን ብር ፖስታ ውስጥ አድርጌ ሁለት ሳምንት ኪሴ ይዤ ዞርኩ፣ አብረውት የሚያድሩትን ጠየቅኩ፣ የት ሳይት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

አንድ ፎርማን፣ ከአዲስ አበባ