ከሲንዱ በፊት ሳይና ነበረች

ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ ህንድ የሴቶች ባድሚንተን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። እግር ኳስ በሞላው ገጽ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማግኘቴ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ጽሑፉ ግን ታሪኩን የጀመረው ከፒ.ቪ. ሲንዱ ነው። ሲንዱ ትልቅ ተጫዋች ናት። የሪዮ ኦሎምፒክ ብር፣ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ነሐስ፣ የ2019 የዓለም ሻምፒዮንነት አላት፤ ይህን የሚነካባት የለም። ቅር ያለኝ ሳይና ኔዋል በአንድ መስመር መታለፏ ነው። ያውም ተጋጣሚዋ ስለተጎዳች የኦሎምፒክ ነሐስ ያገኘች ተብላ።

(ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

እውነት ነው፣ ለንደን 2012 ላይ ለነሐስ ስትጫወት ቻይናዊቷ ዋንግ ሺን የመጀመሪያውን ጌም (እስከ 21 ነጥብ የሚደረገውን ዙር) 21 ለ 18 አሸንፋ፣ ሁለተኛውንም 1 ለ 0 እየመራች ሳለ ጉልበቷ አልችል ብሏት ወጣች። ግን ሳይና እዚያ ጨዋታ ላይ በዕጣ አልደረሰችም። ሩብ ፍጻሜ ላይ ዴንማርካዊቷን ቲነ ባውንን አሸንፋ ነው የመጣችው። በዚያ ኦሎምፒክ ወርቁንም ብሩንም የወሰዱት ቻይናውያን ናቸው። ከነሱ ቀጥሎ መድረክ ላይ የቆመችው ሳይና ነበረች፤ ሜዳሊያውም ለህንድ በባድሚንተን የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ነው።

ደግሞ ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ የሆነውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ቤጂንግ 2008 ላይ ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበረች። በባድሚንተን ለኦሎምፒክ ሩብ ፍጻሜ የበቃች የመጀመሪያዋ ህንዳዊት ሴት ሆነች። ከኢንዶኔዥያዊቷ ማሪያ ክሪስቲን ዩሊያንቲ ጋር በሦስተኛው ጌም 11 ለ 3 እየመራች ነበር፤ ግማሽ ፍጻሜው እጇ ላይ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ ተሸነፈች። በዓመቱ በ2009 እዚያው የተጋጣሚዋ አገር ጃካርታ ሄዳ የኢንዶኔዥያ ኦፕንን ወሰደች። በፍጻሜው የጣለችው ቻይናዊቷን ዋንግ ሊንን ነው። የሱፐር ሲሪስ (የባድሚንተን ትልልቅ ዓለም አቀፍ ውድድሮች) ዋንጫ ያነሳ ህንዳዊ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ከሷ በፊት አልነበረም።

ይህች ልጅ ከየት መጣች? የተወለደችው ሃሪያና ግዛት፣ ሂሳር ከተማ ነው። እናቷ በግዛት ደረጃ ባድሚንተን የተጫወተች ሴት ናት። አባቷ የግብርና ተመራማሪ ነው፤ በሥራ ዝውውር ቤተሰቡን ይዞ ሃይደራባድ ሲገባ ሳይና ስምንት ዓመት ገደማ ነበረች። የአካባቢውን ቋንቋ ስለማታውቅ ጓደኛ የላትም። ራኬት የያዘችው ያኔ ነው። ልምምዱ የሚጀምረው በማለዳ፣ ስታዲየሙ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ። አባቷ በስኩተር ያደርሳታል። መንገድ ላይ እንቅልፍ እየጣላት ስታስቸግር እናቷ ከኋላ ተቀምጣ ታቅፋት ነበር። ሦስቱም በዚያች ስኩተር፣ ገና ጎህ ሲቀድ። የወላጆቿ ልፋት ከሁሉ በላይ ልቤን ይነካዋል፤ ቁጠባቸውም ለራኬትና ለጫማ አልቋል።

በ2014 ከአሰልጣኟ ከፑሌላ ጎፒቻንድ ተለይታ ባንጋሎር ሌላው አሰልጣኝ ቪማል ኩማር ዘንድ ሄደች። ብዙ ሰው አበቃላት ብሎ ነበር። በዓመቱ ግን በዓለም አንደኛ ደረጃ ላይ ተቀመጠች፤ ለህንዳዊት ሴት የመጀመሪያው ነው። የዚያኑ ዓመት የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ደርሳ በስፔናዊቷ ካሮሊና ማሪን ተሸንፋ ብር ወሰደች።

ሪዮ 2016 ላይ ጉልበቷ ከዳት። በምድብ ጨዋታ ወጣች፤ ከዚያ ቀዶ ሕክምና አደረገች። እዚህ ላይ ነው ጽሑፋችሁ ሳይናን ትቶ ወደ ሲንዱ የዞረው። ሳይና ግን አልጨረሰችም። በ2017 ግላስጎው ላይ የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አገኘች።

ከዚያም ሚያዝያ 2018፣ አውስትራሊያ ጎልድ ኮስት፣ የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ፍጻሜ። ተጋጣሚዋ ሲንዱ ናት። ሳይና ወደ ጎፒቻንድ ተመልሳ ስለነበር ሁለቱም በዚያን ጊዜ እሱ ዘንድ ነበር የሚሠለጥኑት። ሳይና 28 ዓመቷ፣ ጉልበቷ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፤ ሲንዱ 22፣ ረጅም፣ በደረጃም ከሷ የምትበልጥ። ሳይና 21 ለ 18፣ 23 ለ 21 አሸነፈች። ሁለተኛው ጌም ላይ ሲንዱ ቀድማ ትመራ ነበር፤ ሳይና ግን ነጥብ በነጥብ ደርሳባት ሦስተኛ ጌም ሳያስፈልግ ጨረሰችው። እኔ ከለንደኑ ነሐስ ይልቅ ይህን ወርቅ ነው የማስበልጠው። ተጋጣሚ ተጎድታ የተገኘ ነው የሚል ሰው ይህን ፍጻሜ ከፍቶ ይመልከት።

አሁን ጉልበቷ በአርትራይተስ (በመገጣጠሚያ ሕመም) ተጎድቷል። ለቶኪዮም ለፓሪስም ኦሎምፒክ አልበቃችም።

እባካችሁ ስለዚህ ስፖርት መጻፋችሁን አታቁሙ። በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ግን ከ2008 ጀምሩልን። ልጆቻችን ሲንዱን ሲያውቁ ሳይናንም ይወቁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ