ማርኩን አቆዩት፣ መጀመሪያ ሥራው ሲሠራ እንየው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ድሬዳዋ ውስጥ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 7ኛ እና 8ኛ ክፍል የክወናና እይታ ጥበባት አስተምራለሁ። ጋዜጣ ላይ ስለ ትምህርት ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው ሚነሳው፣ የ2014 ዓ.ም. ፈተና ላይ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ሁላችንም ደንግጠን ነበር፣ መደንገጥም ነበረብን። ግን ልጆቹ እዛ እስኪደርሱ ያን ሁሉ ዓመት ክፍል ውስጥ ምን ስንላቸው እንደከረምን ሲጻፍ ብዙም አላየሁም፣ ለዛ ነው ስለ ማርክና ስለ ልጆች ሥራ ማህደር ይሄን የምጽፍላችሁ።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። አምና ለ7ኛ ክፍል ልጆች አንድ ፕሮጀክት ሰጠሁ፣ የምንማርበት ክፍል ሙቀቱ እንዲቀንስ አድርጋችሁ ዲዛይን አውጡለትና በካርቶን ሞዴሉን ሠርታችሁ አምጡ አልኳቸው። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ በተለይ የከሰዓት ፈረቃ፣ ቆርቆሮ ሥር 62 ልጅ ተቀምጦ፣ አቦ ደብተሩ ሁሉ ማራገቢያ ነው ሚሆነው። አንድ ወር ሰጠኋቸው፣ ከ10 ይያዛል አልኩ፣ ከዛ ስለ ነገሩ አንድም ቀን ሳላነሳ ወሩ አለቀ። ማስረከቢያው ቀን አንድ ልጅ በጣም የሚያምር ነገር ይዞ መጣ፣ ቀለም የተቀባ፣ መስኮቱ ላይ ላስቲክ የተወጠረበት፣ በሩ የሚከፈት የሚዘጋ፣ 10 ሰጠሁት። ከሱ ቀጥላ አንዲት ልጅ ያመጣችው ጎኑ የተጨፈለቀ፣ ጣራው የተነቀለ ካርቶን ነበር። ላስረዳ ቲቸር ስትለኝ ሰልፉ ረጅም ስለነበር ቀጥሉ አልኩና 4 ጻፍኩላት፣ ሮስተሩን ሞላሁ፣ አለቀ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የገባኝ። የልጁን ሥራ አባቱ እንጨት ቤት ከፍሎ ነው ያሠራለት፣ ራሱ ልጁ ነው የነገረኝ፣ ቀድሞም ዋሽቶ አይደለም፣ ማን ሠራው ብሎ የጠየቀው ስለሌለ ነው። የልጅቷ ደግሞ ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ሰው ተቀምጦበት ነው የተጨፈለቀው። ደብተሯን ከፍታ ስታሳየኝ ሦስት ስዕል አለ። የመጀመሪያው ላይ ትልቅ መስኮት በምዕራብ በኩል አድርጋ ነበር፣ ከዛ የከሰዓት ፀሐይ በዛ በኩል እንደምትገባ አስተውላ ሰርዛዋለች። ሁለተኛው ላይ ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ ከግድግዳው ጫፍ ላይ ትንንሽ መውጫ ቀዳዳ አድርጋለች። ሦስተኛውን የሳለችው ሐረር ጁገል አክስቷ ጋ ከርማ ስትመለስ ነው። የሐረሪ ቤት፣ ገይ ጋር የሚሉት፣ ገብታችሁ ከሆነ ነደባውን፣ ከፍ ከፍ ያለውን መቀመጫ መደብ፣ ታውቁታላችሁ፣ አምስት ነደባ አለ፣ ከፍታውም አንድ ዓይነት አይደለም፣ ሰው እንደ ዕድሜው እንደ ክብሩ ነው የሚቀመጥበት። ልጅቷ ያን አይታ ምን አሰበች መሰላችሁ፣ ክፍላችን ውስጥ ከኋላ ላሉት ሰሌዳው አይታያቸውም፣ ወለሉ እንደ ነደባ ከፍ ከፍ እያለ ቢሄድስ? ግድግዳውንም ወፍራም አድርጋዋለች፣ የአክስቷ ቤት ቀትር ላይ እንኳን ለምን ቀዝቀዝ እንደሚል ስለገባት።

ይሄ የ13 ዓመት ልጅ ሐሳብ ነው እንግዲህ፣ እኔ 4 የሰጠሁት። እስከዛሬ ሲያስታውሰኝ ያመኛል። እኔ ያረምኩት የካርቶኑን መልክ ነው እንጂ ማን ምን እንዳሰበ አንድም ነገር አላየሁም ማለት ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ዲጂታል ፖርትፎሊዮ የሚሉትን ነገር ጀመርኩ፣ እኛ ክፍል ማህደር ነው የምንለው። ፖርትፎሊዮ ድሮ ሠዓሊና አርክቴክት ሥራውን ይዞበት የሚዞረው ማቀፊያ ነው፣ ግን እሱ የተመረጠ፣ ያለቀለት ሥራ የሚታይበት ነው። እኔ የፈለግኩት ያላለቀውን ነው። አሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ትምህርት ቤቶቹ ፕሮጀክት ዜሮ ከሚባለው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የጥናት ቡድን ጋር ሆነው አርትስ ፕሮፔል የሚባል ሥራ ጀምረው ነበር፣ እዛ ልጆቹ ያጠራቀሙት የተሰረዘውን፣ የተበላሸውን፣ ሐሳብ የቀየሩበትን ሁሉ ነው፣ ስሙንም የሂደት ማህደር ብለውታል። እኔ ለምን በስልክ አይሆንም ብዬ ነው የተነሳሁት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ክፍሉ አስር ቡድን አለው፣ እያንዳንዱ ቡድን በቴሌግራም የተዘጋ ግሩፕ አለው፣ ስልክ ያለው ልጅ በራሱ፣ የሌለው በኔ ስልክ ክፍል ውስጥ ይነሳለታል፣ ሁሉም ልጅ ስሙን ሳይሆን የሮል ቁጥሩን ነው የሚጽፈው፣ ስፈልግ ቁጥሩን ሰርች አድርጌ የአንዱን ልጅ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተርታ አየዋለሁ። ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ አምስት ፎቶ ግዴታ ነው፣ ከነዛ ውስጥ አንዱ የተጣለ ሐሳብ መሆን አለበት። ይሄን የተጣለውን ነገር መጀመሪያ ሊገባቸው አልቻለም ነበር፣ ልጆቹ የተበላሸ ወረቀት መቅደድ ነው የለመዱት፣ መምህር እንዳያይባቸው። አሁን ሲሰርዙ እንኳን ፎቶ እንዲወጣ ብለው በአንድ መስመር ብቻ ነው የሚሰርዙት። ከፎቶው ጋር 30 ሴኮንድ ቮይስ ይልካሉ፣ ምን እንደቀየሩና ለምን እንደቀየሩ።

ቮይሱ ያመጣውን ነገር ግን አልጠበቅኩትም። ድሬ ላይ ልጁ ቤቱ ኦሮምኛ ወይ ሶማልኛ ይናገራል፣ ሠፈር ሲወጣ ሌላ፣ ክፍል ሲገባ ሌላ። ጽፈህ አስረዳ ስለው አንድ መስመር ብቻ ጽፎ ዝም የሚል ልጅ ነበረኝ፣ ሐሳብ የሌለው ይመስለኝ ነበር። በፈለግከው ቋንቋ በቮይስ ላክ አልኩት፣ በሶማልኛ ሁለት ደቂቃ ሙሉ አወራ፣ እኔ ብዙም ስለማልሰማ አንድ ባልደረባዬ እያዳመጠ ተረጎመልኝ። ልጁ የሚያወራው እዚሁ ድሬ ከዚራ ሠፈር ስላሉት የድሮ የባቡር ቤቶች ነው፣ ጣራቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳ ያላቸው፣ መስኮታቸው የእንጨት መዝጊያ ያለው፣ ፈረንሳዮቹ እንደዛ አድርገው የሠሩት ለሙቀቱ ነው፣ እኛ ግን ትምህርት ቤት ስንሠራ ያንን ትተነዋል ይላል። ልጁ አንድ መስመር የሚጽፈው ሐሳብ አጥቶ ሳይሆን ቋንቋው ይዞት ነበር።

አሁን ዋናው ነጥቤ ጋ ደረስኩ። ማህደሩ ላይ ማርክ አልሰጥም። ፎቶ ሲላክ አስተያየት ብቻ ነው የምልከው፣ አጭር ቮይስ፣ ለምሳሌ ይሄ ቀዳዳ ዝናብ ሲመጣ ምን ይሆናል? ወይ ይሄ ጣራ በምን ተይዞ ነው የሚቆመው? ብዙ ሰው፣ መምህራኑም ጭምር፣ ማርክ ካልተሰጠ ልጅ አይሠራም ይላሉ፣ እኔም እንደዛ ነበር የማምነው። ሩት በትለር የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣችው ጥናት አለ፣ እስራኤል ውስጥ በ5ኛና 6ኛ ክፍል ልጆች ላይ የተሠራ። አንዱ ወገን ማርክ ብቻ ተሰጠው፣ አንዱ አስተያየት ብቻ፣ አንዱ ሁለቱንም። የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው፣ ሁለቱንም ያገኙት ልክ ማርክ ብቻ እንዳገኙት ሆኑ። ክፍል ውስጥ የቆመ መምህር ይሄን ለማመን አይቸግረውም፣ የታረመ ወረቀት ስትመልስ ልጁ መጀመሪያ ቁጥሩን ያያል፣ ከዛ የጎረቤቱን ቁጥር ያያል፣ ከዛ ወረቀቱን ያጥፈዋል፣ አንተ በቀይ እስክሪብቶ የጻፍከውን የሚያነብ የለም።

ተከታታይ ምዘና የሚባለው ነገር በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ ከኛ ጋር ያለ ነው፣ ሐሳቡም ይሄው ነበር፣ ልጁ ሲማር እያየህ እንድታግዘው። እኛ ግን ምን አደረግነው፣ ቴስት አንድ ከ10፣ ቴስት ሁለት ከ10፣ ግሩፕ ወርክ ከ10፣ ቡድኑ ውስጥ አንድ ልጅ ይሠራል ሌሎቹ ስም ያጽፋሉ፣ ተደምሮ 100 ይሞላል። ፈተናውን ቆራርጠን አበዛነው እንጂ ማገዙ የለም። ማህደሩንም እንደዛ እንዳናደርገው ነው የምፈራው። ነገ ሱፐርቫይዘር መጥቶ የታለ ማርኩ፣ ለእያንዳንዱ ፎቶ 2 ነጥብ ስጥ ያለኝ ቀን ልጆቹ የተጣለውን ሐሳብ መላክ ያቆማሉ፣ ምክንያቱም ማንም ስህተቱን ለማርክ አያቀርብም፣ እንደገና እንጨት ቤት ነው የምንሄደው።

ነገሩ እንከን የለውም አልልም። የአሜሪካዋ ቬርሞንት ግዛት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተማሪዎችን በግዛት ደረጃ በፖርትፎሊዮ ልትመዝን ሞክራ ነበር፣ ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም ሲያጣራ አንዱን ማህደር ሁለት አራሚ ሲያየው የሚሰጡት ነጥብ ብዙ ጊዜ አይገናኝም ነበር። ይሄ ከባድ ነገር ነው፣ ልጅን ከልጅ ለማወዳደር ወይ ለማሳለፍና ለመጣል ከሆነ ማህደር ብቻውን አይታመንም። ለማገዝ ከሆነ ግን ሁለት መምህር የተለያየ አስተያየት ቢሰጥ ልጁ ምን ይጎዳል? እንደውም ይጠቅመዋል። ለሰርተፍኬቱ የግድ ቁጥር ያስፈልጋል ከተባለ፣ ያስፈልጋልም፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ አንዴ ይሰጥ። እሱም ቢሆን ዘዴ አለው። ለንደን ጎልድስሚዝስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሪቻርድ ኪምቤል የመራው ኢ-ስኬፕ የሚባል ፕሮጀክት ነበር፣ ልጆቹ ዲዛይናቸውን ሲሠሩ በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ፎቶም ድምፅም ስዕልም እየመዘገቡ፣ ዳኞቹ ደግሞ ከ10 ስንት ከማለት ይልቅ ሁለት ማህደር ጎን ለጎን አድርገው የትኛው ይሻላል ብቻ ይላሉ፣ ያ ብዙ ጊዜ በብዙ ሰው ሲደጋገም ደረጃው ራሱ ይወጣል። ሐሳቡ ተርስተን የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1927 ያወጣው ነው። እኔና ባልደረባዬ የ20 ልጅ ማህደር ይዘን በዚህ መንገድ ሞከርነው፣ አንድ ከሰዓት ጨረሰብን፣ ግን ከተከራከርንባቸው ሦስት አራት ልጆች በቀር ተስማማን፣ ክርክሩ ራሱ ስለ ልጆቹ ሥራ ነበር፣ ይሄ ስታፍ ሩም ውስጥ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ወሬ ነው።

ስልክ የለም፣ ኔት የለም የሚለውን ብዙ ሰው ያነሳዋል። ልክ ነው፣ ሁሉም ልጅ ስልክ የለውም፣ ለዛ ነው ክፍል ውስጥ በኔ ስልክ የምናነሳው፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ቡድን ብቻ፣ ስለዚህ አምስት ክፍለ ጊዜ ሲሞላ ሁሉም ተራ ይደርሰዋል። ለ62 ልጅ አምስት አምስት ፎቶ 310 ፎቶ ነው፣ ቴሌግራም አሳንሶ ስለሚልከው አንዱ 200 ኪሎባይት ቢሆን ሁሉም ተደምሮ 62 ሜጋባይት አይበልጥም፣ ቮይሱም ቀላል ነው፣ ይሄ ትልቅ ፓኬጅ አይፈልግም። ኔትወርክ እንኳን ድሬ ላይ ሰበብ መሆን የለበትም፣ ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 አገልግሎቱን መጀመሪያ የሞከረው እኛ ከተማ ነው። ካርዱን ግን ከኪሴ ነው የምሞላው፣ የመምህር ደሞዝ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ይሄን የማነሳው ሌላው መምህር አልችልም ቢል እንዳይፈረድበት ነው።

ስልክ ግቢ ውስጥ አይገባም የሚለው ደንብ ይቅር አልልም፣ ምክንያት አለው። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ መምህር ባለበት፣ ለሥራ ብቻ ተብሎ ይፈቀድ ነው የምለው። የልጆቹ ፊት ፎቶ ውስጥ አይገባም፣ እጅና ሥራ ብቻ፣ ወላጅም ፈርሞ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የልጅ ፎቶና ድምፅ ዝም ብሎ የሚበተን ነገር አይደለም፣ ግሩፑ የተዘጋ መሆኑን እኔ ራሴ ነኝ የምቆጣጠረው።

የድሬዳዋ ትምህርት ቢሮ ይሄን ቢያነብልኝ የምጠይቀው ገንዘብም ታብሌትም አይደለም። የክወናና እይታ ጥበባት እና የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ላይ፣ ልጅ በእጁ የሚሠራባቸው ትምህርቶች ላይ፣ ማህደር የተከታታይ ምዘና ማስረጃ ሆኖ እንዲያዝ አንድ ደብዳቤ ይጻፍልን፣ በየፎቶው ነጥብ እንዳንጠየቅ። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ሮስተሩን ብቻ ሳይሆን የሦስት ልጅ ማህደር ከፍቶ ቮይሱን ያዳምጥ። የሐረር መምህራንም ብትሞክሩት ደስ ይለኛል፣ እናንተ ጋ ልጆቹ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስፌት እያዩ ነው የሚያድጉት፣ እናትየው አንዱን ስፌት ስትጀምር፣ ቀለሙ አልሄድ ብሏት ስትፈታው፣ እንደገና ስትጀምረው ፎቶ ቢነሳ ምን ዓይነት ማህደር እንደሚወጣው አስቡት።

ልጅቷ አሁን 8ኛ ክፍል ናት። ባለ ነደባውን ክፍል ዘንድሮ እንደገና እየሠራችው ነው፣ እስካሁን 11 ፎቶ ልካለች፣ የመጨረሻው ላይ ነደባው ከፍ ሲል ከኋላ ያሉት ልጆች ጭንቅላታቸው ወደ ቆርቆሮው እየቀረበ እንደሚሞቃቸው አግኝታለች፣ ምን እንደምታደርግ ገና አልወሰነችም። ማየት የሚፈልግ የትምህርት ባለሙያ ካለ ክፍላችን ክፍት ነው፣ ከሰዓት ፈረቃ ላይ ቢመጣ ልጆቹ የሚያወሩት ነገር ቶሎ ይገባዋል።

መምህር ነኝ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ